ቀዩን ከአረንጓዴ የማይለየው የዘር መምህር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከመጽሐፉ ምዕራፎች ሁሉ የምወደው ስለ ዘር ውርስ የሚናገረውን ነው። ሌላው መምህር እዚህ ሲደርስ ቶሎ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ጠመኔ አንሥቼ፣ ሰሌዳውን አራት ቦታ ከፍዬ፣ የአባትን ከላይ የእናትን ከጎን ጽፌ ማን ከማን ምን እንደሚወርስ ስናገር፣ አቤት ኩራቴ! የሰው ሁሉ አጥንት በእጄ ያለ ይመስለኝ ነበር። ተማሪዎቹም «የዘር መምህር» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ስሙን ሲያወጡልኝ አክብረውኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ቀይና አረንጓዴን ስለማይለዩ ሰዎች አንድ ገጽ አለ። ነጠብጣብ የሞላበት ክብ ሥዕል ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደኅና የሆነ ሰው ከነጠብጣቡ መካከል ቁጥር ያያል፤ ያልሆነለት አያይም። ለብዙ ዓመት የምንጠቀምበት መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ስለነበረ ሥዕሉ ጥላሸት ብቻ ነው። «እዚህ ላይ ቁጥር ነበረ፣ ኮፒው በላው» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፤ እናልፋለን። በኋላ ባለቀለሙ አዲስ መጽሐፍ መጣልን። ደስ ብሎኝ ገጹን ገልጬ ከፍ አድርጌ ያዝሁና አየሁት። ምንም የለም። «አያችሁ፣ ይኼንንም ማተሚያ ቤቱ አበላሽቶታል» አልሁ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ አፍ ቁጥሩን ጮኸ። «ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት?» ብዬ ተቆጣሁ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ፈራ ተባ እያለች ተነሥታ በጣቷ ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች ተከትላ አሳየችኝ። ጣቷን በደንብ አየሁት። ቁጥሩን ግን አላየሁትም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ሙሉ ስለ ራሴ ሳስተምር ኖሬ ራሴን አላውቀውም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ሳቋ አላስቆም አላት። «እኔማ ሞኝ መስለኸኝ ነበር እኮ!» አለችኝ። ለካ እሷ ስታስብ የኖረችው ሌላ ነው። ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ስደርስ፣ ጥቁር ነው ብዬ ደማቅ ቀይ ሹራብ ለብሼ ሄጄ፣ አልቃሾቹ መካከል ፊቴን አኮሳትሬ ቆሜ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ሲንሾካሾክ ሐዘኔን ያደነቁልኝ መስሎኝ ይበልጥ አኮሳተርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሴን ሳትነግረኝ አልጋ ላይ አውጥታ የምታስቀምጥልኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ፍቅር ነው እያልሁ እኩራራ ነበር።

ያደግሁት ቡሬ ዙሪያ ባለ ገጠር ነው፤ አገሩ የበርበሬ አገር ነው። በርበሬ ሲደርስ አባቴ «ቀዩን ለቅመህ አምጣ» ብሎ ይልከኛል። እኔም ከረጢቱን ሞልቼ እመጣለሁ፤ ሲዘረገፍ ግማሹ አረንጓዴ ነው። «ይህ ልጅ ከሥራ ለመገላገል ብሎ ነው!» ብሎ ስንት ጊዜ እንደገረፈኝ! እናቴ በበኩሏ «ተወው፣ በእኛ ቤት ወንድ በርበሬ አይለቅምም» ትለው ነበር። እውነቷን ነው፤ በእናቴ አባት ቤት ወንዶቹ በርበሬ ማሳ አይገቡም። ሰው «ኩሩ ዘር ናቸው፣ ሥራ ይንቃሉ» ይላቸዋል፤ እነሱም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ለምን እንደማይለቅሙ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ወጉ ነው፣ አለቀ። ያ ሁሉ ኩራት ለካ ከአንድ አያት የወረደ ዓይን ኖሯል። ሴቶቹ ተሸክመው ያሳልፉታል፣ ወንዶቹ ይወርሱታል። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ምንም ሳታውቅ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አፌ አልዘጋ አለ። ሻይ ቤት አወራለሁ፣ መምህራን ማረፊያ አወራለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው አወራለሁ። የሰማ ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፤ ኮቱን ይይዝና «ይህስ ምን ቀለም ነው?» ይለኛል። የመጣልኝን እናገራለሁ፤ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ወድጄው ነበር።

ይህ ሁሉ ቀልድ ወደ ልጄ ትዳር ይገባል ብሎ ግን ማን አሰበ?

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ነርስ ናት፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እዚያው አካባቢ የወፍጮ ሞተር የሚጠግን አንድ ልጅ ተዋወቀችና «ከእሱ ሌላ አላገባም» አለች። ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ስንት ሰው ጠይቋት እሺ ያላለች ልጅ ስለሆነች፣ ባለቤቴ «ይህ ከቀረ ልጄ ሳታገባ ቀረች ማለት ነው» እያለች በየቤተ ክርስቲያኑ ትሳላለች። እኔም ልጁን ሳየው አልጠላሁትም፤ ጭምት ነው፣ ሰው ያከብራል። አንድ ነገሩ ብቻ አናደደኝ።

ክረምት ላይ ከአባቴ የወረስኋት ቁራጭ መሬት ላይ የበርበሬ ችግኝ ስንተክል ሊያግዘን መጣ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሁላችን ጫማችንን አውልቀን ሱሪያችንን ጠቅልለን ገባን። እሱ ግን ካልሲውን ሳብ አድርጎ፣ የጎማ ቦቲውን አጥብቆ ገባ። «ምነው ልጄ፣ አፈር ይነክሳል እንዴ?» አልሁት። ፈገግ አለ። ሲጨርስ ደግሞ ከሁላችን ተለይቶ እግሩን በሳሙና ታጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አድርቆ፣ ሌላ ካልሲና ሌላ ጫማ አደረገ። ማታ ለባለቤቴ «የገበሬ ልጅ ሆኖ አፈር የሚጠየፍ! ይህማ የሙሽራ እግር ነው» ብዬ አፌዝሁበት። ልጄ ሰምታኛለች።

በኅዳር የልጁ ወገኖች ሽማግሎች ላኩ። ሦስት ሆነው መጡ። ፊት አውራሪያቸው አንድ መሪጌታ ናቸው፤ ነገር በጎን የሚያስኬዱ፣ አንድ ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ የሚዞሩ። «መምህር፣ ፀሐዩ ቢከብደን ከዛፍዎ ጥላ ልንጠጋ ነው የመጣን» አሉ። ተቀመጡ። እንደ ወጉ ከሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ከዚያ የአጥንት ጥያቄ መጣ። «በዘራችሁ ቁምጥና፣ ዝሆኔ፣ የሚጥል በሽታ፣ የሚነገር ነገር ይኖር ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ፤ የሴት ልጅ አባት ይህን መጠየቅ ግዴታው ነው። መሪጌታው ያን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ትተው «ንጹሕ ነን» አሉ፤ ፈጠን ብለው። ፍጥነታቸውን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

«በእናንተስ?» አሉኝ።

ወጉ «ንጹሕ ነን» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለት ቃል! ከአዳም ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲለው የኖረውን ሁለት ቃል እኔ ለማለት ምን ነበረበት? ግን የዘር መምህር ነኛ! «እውነቱን ልንገራችሁ» ብዬ ወገቤን አቀናሁ። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና «አንት ሰውየ!» አለችኝ። አልሰማኋትም።

«ቀይና አረንጓዴ አልለይም» አልኋቸው። «ከእናቴ የመጣ ነው። ልጄ ደግሞ ከእኔ ወስዳዋለች፤ እሷ ደኅና ታያለች፣ ወንድ ልጅ ከወለደች ግን ሊደርስበት ይችላል።» ሽማግሎቹ ተያዩ። አልገባቸውም ብዬ ላስረዳ ተነሣሁ። በሰፌድ ላይ ከማሳው የመጣ እርጥብ በርበሬ ነበር፤ ቀይም አረንጓዴም ተደባልቋል። «በሽታውን የተሸከመው ቀዩ ይሁን፣ ጤነኛው አረንጓዴው ይሁን» ብዬ መሬት ላይ እንደ ሰሌዳው አራት ቦታ ከፍዬ መደርደር ጀመርሁ። ይህ የእኔ፣ ይህ የባለቤቴ፣ ይህ የሙሽራው፣ ይህ የሚወለደው እያልሁ።

እንግዲህ አስቡት። ቀዩን ከአረንጓዴ አልለይም ብዬ የተናገርሁ ሰው፣ ቀዩንና አረንጓዴውን እየለየሁ ላስረዳ ተቀምጫለሁ። እኔ ጤነኛ ብዬ ያስቀመጥሁት ሁሉ ቀይ ኖሯል። መሬቱ በቀይ ተሞላ። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ አዛውንት፣ ወደ ደረደርሁት እያመለከቱ «ታዲያ የሚወለደው ሁሉ ሊታመም ነው እንዴ?» አሉ። «የለም የለም፣ እነዚህ ደኅናዎቹ ናቸው» አልሁና አንዱን አንሥቼ አሳየኋቸው። ደም የመሰለ ቀይ በርበሬ ነበር፣ ባለቤቴ በኋላ እንደነገረችኝ። መሪጌታው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እስቲ እንመክርበታለን» አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ብሎ ከተነሣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ ልጄ ደወለች። ሰምታለች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። «አባየ፣ ምን በወጣህ? ማን አስገደደህ?» አለችኝ። «እውነት ብናገር ምን አለበት?» አልሁ። «እውነት!» አለችና ስልኩ ተዘጋ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ እህል አቀረበችልኝ እንጂ ቃል አላቀረበችልኝም። እኔም በሆዴ «በዚህች ተራ ነገር ልጄን ከጠሏት ይቅርባቸው! ስንት ከባድ ነገር እያለ!» እያልሁ እፎክራለሁ፤ ሌሊት ግን ሲነጋ ልጄ ምን ትሆን ይሆን እያልሁ እገላበጣለሁ። አፌን ቁርጥ ያድርገው ያላልሁበት ቀን የለም።

በሳምንቱ እሑድ፣ ልጄም ከሥራዋ መጥታ ቤት እያለች፣ ደጃችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ሽማግሎቹ ናቸው። ከኋላቸው ግን አንዲት ሴት በልጃቸው ተደግፈው ወረዱ፤ የሙሽራው እናት ናቸው። እናት ከሽማግሌ ጋር መጥታ አይታወቅም። ቀሚሳቸው መሬት ይጠርጋል፤ ቀስ ብለው፣ እግራቸውን ጎተት እያደረጉ መጡና ግቡ ብንላቸው እምቢ ብለው ከደጁ መደብ ላይ ተቀመጡ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «እኒህን ሽማግሎች ያስዋሸኋቸው እኔ ነኝ። ንጹሕ ነን በሉ ብዬ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። እርስዎ ለበርበሬ ቀለም ሲሉ ያልደበቁትን፣ እኔ ይህን ደብቄ ልጅዎን ብወስድ እግዜር አይወደውም።» ቀሚሳቸውን ገለጥ አደረጉት። ሁለት እግራቸው ከጉልበት በታች አብጦ፣ ቆዳው ተኮማትሮ፣ ጣቶቹ ተውጠዋል። ዝሆኔ ነው። «እናቴም እንዲህ ነበረች፣ አጎቴም እንዲህ ነበረ። ከዘራችን ጋር የሚጋባ ጠፍቶ እህቴ ሳታገባ አረጀች። እኔ ይህን ልጅ ስወልድ እግሩ አፈር እንዳይነካ ምዬ ነው። መቆም ሳይችል ነው ጫማ ያደረግሁለት። እኔ በባዶ እግሬ እየኮተኮትሁ እሱን ጫማ አድርጌ አሳደግሁት። ይኸው፣ እግሩን ይዩት።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ያቺ የሳቅሁባት ቦቲ ትዝ አለችኝ።

አሁን ስለ እኔ ልንገራችሁ። ስለ ዝሆኔ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም እላለሁ። ዘሩ የተጋለጠ ሰው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲመላለስ ኖሮ ነው የሚይዘው፤ ዘር ብቻውን አያመጣውም፤ ጫማና ውኃና ሳሙና ይከለክለዋል እላለሁ። ፈተና ላይ አውጥቼ፣ «ይተላለፋል» ብሎ የመለሰውን ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤበታለሁ፤ ቀይ መሆኑን ሰው ነግሮኝ። ያን ቀን ግን የሴትዮዋን እግር ሳይ የገዛ እግሬ ሳላዝዘው ወንበሩ ሥር ገባ። ገና ያልተወለደ የልጅ ልጄ እግር አብጦ ታየኝ። በሆዴ «ምነው ዝም ብለው በደበቁት!» አልሁ። እውነት እውነት ስል የሰነበትሁት ሰውየ፣ እውነቱ ደጄ ድረስ ሲመጣ ጠላሁት። እግሬ ሲሸሽ ሁሉም አይተውታል። ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን መለስ አደረጉ።

ያን ጊዜ ልጄ ከጓዳ ወጣች። በአንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው ጆግና ሳሙና ይዛለች። ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ ይህ የአገራችን ወግ ነው፤ አሁን አሁን ግን በባጃጅ ለመጣ ሰው ማን ያጥባል? ሴትዮዋ ፊት ተንበረከከች፤ ቀሚሱን ራሷ ገለጠችው። የውኃውን ሙቀት በክንዷ ለካች። እግራቸውን አንሥታ ሳፋው ውስጥ አስገባችና ማጠብ ጀመረች፤ በእያንዳንዱ እጥፋት መካከል ጣቷን እያስገባች፣ ሳትቸኩል። ሴትዮዋም አልተሽኮረመሙም። እግራቸውን ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉ ሳትነግራቸው ነው፤ የለመዱት ነገር ነው። ገባኝ። ልጁ እናቱን ሊያሳክም ጤና ጣቢያ ሲያመላልስ ነው የተዋወቁት።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አልኋት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለአባትሽ አይነገርም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አንተን ፈርተን ነዋ፣ አባየ። ሌላውን ሰው አስረድቼ እመልሰዋለሁ። አንተ ግን ዘር ታውቃለህ። አንተ አይሆንም ካልህ በምን እመልስሃለሁ?»

ወይ እኔ! ለካ ንጹሕ ነን ያሰኛቸው የእኔ ሰሌዳ ነው። እኔ ሽማግሎቹ አላዋቂ ሆነው ልጄን ሊጥሉብኝ ነው እያልሁ ሳምንት ሙሉ ስቆዝም፣ እነሱ ያን ሳምንት የመከሩት ስለ በርበሬዬ አልነበረም፤ ለእኔ እንዴት እንደሚነግሩኝ ነበር። ልቤ ስብር አለ። 

መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን ጊዜ ምንም አልዞሩም። «መምህር፣ ቃልዎ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ባለቤቴ ከበሩ ላይ «እሱን ምን ትጠይቁታላችሁ፣ ሹራቡን እንኳ የማያውቅ ሰው!» አለች። አዛውንቱ ሳቁ። ሴትዮዋም ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። እኔ ግን ተነሣሁ። እግሮቼን ከወንበሩ ሥር አወጣኋቸው፤ ሥራ አስያዝኋቸው። ጓዳ ገብቼ ፎጣ አመጣሁና ልጄ አጠገብ ተንበረከክሁ። ያጠበችውን እግር ተቀብዬ አደረቅሁ። ከባድ ነው፤ ሞቅ ያለ ነው። በጣቶቹ መካከል ሳይደርቅ የቀረ ነበርና ልጄ «እዚህም፣ አባየ» እያለች አሳየችኝ። «እመት፣» አልኋቸው ለሴትዮዋ፣ «ከመደብ ተነሥተው ወደ ውስጥ ይግቡልኝ። ከላይ ነው ቦታዎ።» ሽማግሎቹ ተነሥተው መረቁ።

ሠርጉ ካለፈ ሰነበተ። አሁን ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ላልተወለደ ልጅ ዕቃ አይገዛም፣ ገድ የለውም፤ ባለቤቴ ብትሰማ ትገድለኛለች። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ሄጄ ትንሽ ጫማ ገዛሁ። ነጋዴው «ለወንድ ነው ለሴት? ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ የትኛውን ልስጥህ?» አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። «የማይወልቀውን» አልሁት። አንሥቼ ውስጡን ዳበስሁ፣ ስፌቱን ሳብሁት፣ ሶሉን አጠፍሁት፤ ነጋዴው እየሳቀ አየኝ። ጫማው አሁን ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ባለቤቴ የማትደርስበት ቦታ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀለሙ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።